ያልለፋ ቆዳ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ዝናቡ አባርቶ ከሱቅ ስወጣ፣ አንዲት ሞተር ሳይክል አስፋልቱ ዳር ቆማ አየሁ። ባለቤቷ መቀመጫዋን በአጎዛ ሸፍኖታል። አጎዛው ዝናብ ጠጥቶ ኖሮ ፀሐይዋ ስታርፍበት እንፋሎቱ ይወጣል፤ የእርጥብ ሱፍ፣ የጨውና የስብ ሽታ። ይኼ ከተማ የበግ አገር ነው፤ ሽታው ለማንም ብርቅ አይደለም። እኔ ግን ዣንጥላዬን እንደዘረጋሁ እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። አንዲት ሴትዮ "እህቴ፣ ዝናቡ እኮ አቁሟል" ብላኝ አለፈች።

ለምን እንደቆምኩ ከአንድ ሰው በስተቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእሳቸውም የነገርኳቸው ከረፈደ ነው። አንተ ወንድሜ፣ ሞተር ልገዛ ነው፣ ለብርዱ ምን ላድርግ ብለህ ስለጠየቅኸኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮሌጅ እንደጨረስኩ አንኮበር ወረዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩና የወረዳው ከተማ ጎረቤላ ገባሁ። የእኛ ክፍል ሁለት ሰውና አንዲት ሞተር ነበረው። ሁለተኛው ሰው አገሬው "የከብት ሐኪሙ" የሚላቸው፣ እኔ "ጋሼ" የምላቸው፣ ሃምሳን ያለፉ፣ ቀጠን ያሉ ሰው ነበሩ። ንግግራቸው ቁጥብ ነው፤ የሞተሯ ነገር ሲነሣ ግን አፋቸው ይፈታል።

ከፋብሪካ የወጣችው ሞተርና ጋሼ የሚነዷት ሞተር አይተዋወቁም። ደብረ ብርሃን ካለ በያጅ ዘንድ ወስደው ከእግር ፊት የብረት መከላከያ አስበየዱላት። የፊት ጭቃ መከላከያዋን በአሮጌ ጎማ ቁራጭ አስረዘሙት። መቀመጫዋ ውስጥ ስፖንጅ ጨመሩ፤ "ወገቤ ለጡረታ ይፈለጋል" ይላሉ። የክትባት ሳጥኑን የምናስረው ከተቀደደ የጎማ ከመነዳሪ በቆረጥነው ጠፍር ነበር፤ ገመድ ሲነቀነቅ ይላላል፣ ላስቲክ ግን አይለቅም። ለደጋው ብርድ ደግሞ ከካፖርታችን ሥር ደረታችን ላይ ካርቶን እናስገባለን። ገበሬ ቤት ገብተን ስንቀመጥ ካርቶኑ ሲንኳኳ ሰው ይስቅብን ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሞተሯ ነው። ሌላው ሠራተኛ ስብሰባ ሲገባ እኛ ግቢው ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት አንጥፈን ሰንሰለቷን በቤንዚን እናጥባለን፣ ዘይት እንቀባለን፣ ካንዴላዋን ፈትተን እንፈትጋለን፣ ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ እናጠብቃለን። የቤንዚኑ ሽታ ከእጄ ሳይለቅ ምሳዬን እበላ ነበር። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለቱን በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ መልቀቅ የተለመደ ነው። ጋሼ ይኼንን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። "በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ" ይሉኝ ነበር። "ቁልቁለቱ ከነዳሽ አንቺ ዕቃ ነሽ።"

አንድ የሚደብቁት ነገር ነበራቸው። ቀኝ እጃቸው ውስጥ ቁርጥማት ገብቶ ነበር። ብርዱ ሲጠና ጣቶቻቸው ይነጡና ይገተራሉ። ያን ጊዜ መንገድ ዳር ይቆሙና እጃቸውን ብብታቸው ሥር ይወሽቃሉ፤ ወይም ጎንበስ ብለው ወደጋለው ሞተር ያስጠጋሉ። እኔ ሳያቸው "ትንፋሽ ትውሰድ ብዬ ነው" ይላሉ፣ ሞተሯን ማለታቸው ነው። ቢሮው ካወቀ ሞተሯንም መርፌውንም እንደሚቀማቸው አላጡትም። "እጁ የማይታዘዝለት ሐኪም ምን ይሠራል?" አሉኝ አንድ ቀን። እኔም ለማንም አልተነፈስኩም።

የእጅ መሸፈኛ ልሰፋላቸው የተነሣሁት ለዚህ ነው። አንዳንድ ሞተረኞች መሪው ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ሲጠቀልሉ አይቻለሁ፤ ብርድ ልብስ ግን ጉሙን ይጠጣና ይብስበታል። እኔ ያሰብኩት የበግ ቆዳ ነበር፤ ሱፉ ወደ ውስጥ ሆኖ፣ እንደ ሰፊ እጅጌ የመሪውን መያዣም የፍሬኑንም ዘንግ አብሮ የሚሸፍን። ያከራየችኝ ሴትዮ ለጥምቀት ያረደችውን በግ ቆዳ ለምኜ ወሰድኩ። ጨው ነስንሼ ግድግዳ ላይ ወጠርኩት። አጎዛ እንዴት እንደሚለፋ ጠፍቶኝ አይደለም። ተፍቆ፣ ቅባት ጠጥቶ፣ ቀን ከቀን ታሽቶ ነው ቆዳ የሚለሰልሰው። እኔ ግን የጋሼን ጣቶች እያየሁ ያን ያህል መታገሥ አልቻልኩም። በእጄ ስዳብሰው ለስለስ ያለ መሰለኝና ለቀኙም ለግራውም መያዣ በወስፌ ሰፋሁት፤ ንፋስ እንዳይወስደውም በሽቦ ጠፍሬ መሪው ላይ አሰርኩት።

ጋሼ እጃቸውን ሲያስገቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ደጋ ለደጋ ስንሠራ አንድም ቀን መንገድ ላይ አልቆሙም። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ስለሚያርሰው ቆዳው ከነልስላሴው ቆየ። በደረስንበት ሁሉ "የልጄ ሥራ ነው" እያሉ ያሳዩልኛል። እንደዚያ ሰሞን ኮርቼ አላውቅም፤ ኩራት እንዲህ ቶሎ እንደሚለመድም አላውቅም ነበር።

የካቲት ሲገባ ለክትባት ወደ አልዩ አምባ ወረድን። ጋሼ ይነዳሉ፣ እኔ ከኋላ ሳጥኑን ተደግፌያለሁ። ጉሙ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ሸኝቶን ድንገት ከበላያችን ቀረ። ጆሯችን ተደፍኖ ተከፈተ። ካፖርታችንን አወለቅን፣ ካርቶኑን ሳጥኑ ላይ አሰርነው፤ ቆዳው ግን በሽቦ የታሰረ ስለሆነ እንዳለ ቆየ። "ቆላ ወርደን እኛ ስናወልቅ ሞተሯ ካፖርት ለብሳ ቀረች" ብለው ጋሼ ሳቁ። ገበያው ጋ ስንደርስ ጥላው ሁሉ በፍየል ተይዞ ነበርና ሞተሯን ፀሐይ ላይ አቆምናት። እኛም ሥራችንን ጀመርን።

ቀትር ላይ ውሃ ልጠጣ ወደ ሞተሯ ስመጣ አንድ ሽማግሌ ቆዳ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ መሸፈኛውን በጣቱ ያንኳኳል።

"ማን ሰፋው?" አለኝ።

"እኔ ነኝ አባባ።"

"አላህ ይባርክሽ፣ እጅሽ ጥሩ ነው። ቆዳው ግን አልለፋም፤ ጨው ብቻ ነው የቀመሰው። ፀሐዩ ጨብጦታል። አውልቂው ልጄ።"

እጄን አስገባሁ። በግድ ገባ። ጣቶቼን ወደ ፍሬኑ ልዘረጋ ስል ቆዳው ገትሮ መለሰኝ፤ ጣውላ ሆኗል። ሽቦውን ለመቁረጥ ፒንሳ ከመሣሪያ ቦርሳው ማውጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ጋሼ ግን እዚያው አጠገባችን ከገበሬዎች ጋር ቆመዋል። ያን ያህል ከተመሰገንኩበት በኋላ በሰው ፊት ሥራዬን መንቀሉ አሳፈረኝ። ማታ ስንመለስ ጉሙ ያለሰልሰዋል አልኩ ለራሴ። ሽማግሌውን "እሺ፣ አወልቀዋለሁ" ብዬ ሸኘሁት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። ከታች ባለው መንደር ላሙ መውለድ አቅቷት ወድቃለች። ጋሼ ቦርሳቸውን አንገታቸው ላይ አጠለቁና እኔ የቀሩትን ፍየሎች እንድጨርስ ነግረውኝ ሞተሯ ላይ ወጡ። ቀኝ እጃቸውን መሸፈኛው ውስጥ ለማስገባት ሁለቴ ገፉ። አይቻለሁ።

"ሙቀቱ አሳበጠኝ መሰለኝ" አሉ።

"ጋሼ…"

"ምነው?"

"ቀስ ብለው ይሂዱ።"

"ደግሞ ለእኔ!" ብለው ፈገግ አሉና ሄዱ። የሞተሯ ድምፅ ታች እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁ፤ በዝግታ፣ በከባድ ማርሽ ነበር የሚወርዱት።

በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። መታጠፊያው ላይ የተጫኑ ግመሎች ገጥመዋቸዋል። የእግር ፍሬኑን ሲይዙ ጎማው ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ፤ የእጁ ፍሬን አልተያዘም፤ ከመንገዱ ወጥተው ድንጋይ ላይ ወደቁ። ታፋቸው ተሰብሯል። ሲያዩኝ የተናገሩት አንድ ነገር ነው፦ "እጄ እምቢ አለኝ።" ራሳቸውን ወደ ሌላው ወገን አዞሩ። እህል የጫነ መኪና ለምነን ወደ ደብረ ብርሃን ላክናቸው፤ እኔ ሞተሯን እንድጠብቅ ቀረሁ።

የወደቀችበት ድረስ ወረድኩ። መሪዋ ተጣሟል፣ ቤንዚኑ መሬቱ ላይ ይሸታል። ቀኝ እጄን መሸፈኛው ውስጥ ከተትኩ፤ ፍሬኑን በጣቴ ጫፍ እንኳ መንካት አልቻልኩም። ፒንሳውን አወጣሁና ሽቦውን ቆረጥኩ። ከዚያ የግራውንም ቆረጥኩ፤ አንዱ ብቻ ቢጎድል ሰው ይጠይቃል። ሁለቱንም ወደ ሸለቆው ወረወርኳቸው። ይኼን ሁሉ ሳደርግ አንዴ እንኳ አላመነታሁም፤ እስከ ዛሬ የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

ቢሮው ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ጋሼ ግን ብዙም አላደከሟቸውም። ሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው ያን ሁሉ ዘመን የደበቁትን ቁርጥማት በራሳቸው አፍ ተናገሩ፤ "ጥፋቱ የእጄ ነው፣ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ" አሉ። ኮሚቴዎቹ እኔን "የምትጨምሪው አለ?" ብለው ጠየቁኝ። "የለም" አልኩ። ታፋቸው ሲድን ደብረ ብርሃን ንብረት ክፍል መደቧቸው፤ እዚያው ጡረታ ወጡ። ቢሮው ሞተሯን ለእኔ ሰጠኝ። ሰኞ ሰኞ ብቻዬን ከረጢቱን አንጥፌ ሳጥባት ኖርኩ።

በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ እሄዳለሁ፣ ስለ ከብት በሽታ አውርተን እመለሳለሁ። እንዲህ አሥራ ስድስት ዓመት ሄደ። ባለፈው መስከረም ስሄድ ባለቤታቸው የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በር ከፈቱልኝ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ቀኝ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነው። ሕፃኑን አየሁና "ወደ አያቱ አይሄድም እንዴ?" አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

"ምን ይሄዳል ልጄ" አሉ ባለቤታቸው። "ይኼ ሰውዬ እኮ አንድም የልጅ ልጅ ታቅፎ አያውቅም። እጄ ይጥለዋል ይላል። ከወደቀ ወዲህ በዚያ እጁ ብርጭቆ እንኳ አንሥቶ አያውቅም።"

ይኼን ተናግረው ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩና "ጋሼ፣ እጅዎ አይደለም" አልኩ። ቆዳውን፣ ጨውን፣ ሽማግሌውን፣ ፒንሳውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ቆዳው ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"ቆዳው ነው።"

"ጣቴ ይዘረጋ ነበር?"

"ቦታ አጥቶ ነው እንጂ ይዘረጋ ነበር።"

ቢቆጡኝ፣ ከቤቴ ውጪ ቢሉኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር" አሉ። "ይኼን ሁሉ ዓመት የገዛ እጄን።"

ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ባለቤታቸውን ጠሩ። "ስሚ፣ እጄ ደህና ነበር!"

"ምን አልክ?"

"እጄ ደህና ነበር ነው የምልሽ። ልጁን አምጪው።"

ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ሕፃኑን አቀረቡ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። የቀኙ ጣቶች ግን ወደ መዳፋቸው ታጥፈው ደርቀው ነበር። ሊዘረጉ ሞከሩ፣ ግንባራቸው ላብ አወጣ፣ አልሆነም። ያ ሁሉ ዓመት ጋቢ ውስጥ ተደብቆ የኖረ እጅ ነው።

"አሁንስ እውነትም እምቢ አለ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

እጄን ከእጃቸው ሥር አስገባሁና ሕፃኑን አብረን ያዝነው። ከባድ ልጅ ነበር። ጋሼ እሱን ብቻ ያያሉ፤ እኔን ቀና ብለው አላዩኝም።