ቸኮሌቱ እስኪቀልጥ

ልጅ ሳለሁ፣ ፈረንጅ አገር፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ ባለሁለት ፎቅ አፓርታማ ላይ ስንኖር፣ ከመስኮታችን ሆኜ የማን መኪና የት ፓርክ እንደተደረገ፣ ማን ከሥራ አምሽቶ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር ተኳርፎ ደረጃው ላይ ፊቱን እንዳዞረ አንዱም አያመልጠኝም ነበር። እናቴ «የዚች ልጅ ዓይን ሥራ አይፈታም» ትላለች። ኋላ ትምህርቱን ዐሥረኛ ክፍል ላይ ትቼ መጋዘን ስገባም «ለመስኮቱ የሰጠሽውን ዓይን ለደብተሩ ብትሰጪው ኖሮ» ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። ግን ከደብተሩ የቀረኝ ነገር የለም፣ በመስኮቱ ያየሁት ዛሬም ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

ያኔ ከእኛ በታች ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ሽማግሌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መራመድ የማይችሉ መንገደኞችን በዊልቸር እየገፉ ከንጋት ጀምረው ይሠሩና ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ናቸው። እናቶቻችን ደግሞ ሥራ የሚገቡት ከሰዓት ነው። ሶ እኔና ጎረቤቴ ሜሮን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ እንደወረድን ቦርሳችንን ጋሽ ታፈሰ ቤት ወርውረን እናቶቻችን እስኪመጡ እዚያው ነን። ሜሮን በእናቷ እቅፍ ሆና የመጣች ልጅ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ስትናገረው ግን ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ትኩስ ድንች ይገላበጣል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ስለመጣሁ አስተርጓሚዋ ነበርኩ፣ በዚያም ትንሽ እኮራ ነበር።

ዲሴምበር ሲገባ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ስጦታ ስጦታ ይላል። ለአስተማሪ፣ ለአውቶቡስ ሹፌሯ፣ ለጓደኛ። ጋሽ ታፈሰ «መግዛትማ ማንም ይገዛል» አሉና አብራቸው ከምትሠራ አንዲት የሜክሲኮ ሴት ቸኮሌት አሠራሩን ተምረው መጡ። ማይክሮዌቭ አያምኑም። ድስት ውሃ ያፈሉና ከአፉ ላይ የብርጭቆ ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጣሉ፤ ጥቁሩን ቸኮሌት እዚያ ውስጥ ገልብጠው በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያሉ ያማስላሉ። ሲቀልጥ እኛ ዳቦ ቆሎ እንጨምርበታለን፤ በበረዶ መሥሪያ ትሪ አድርገን እናረጋውና በፕላስቲክ ጠቅልለን በሪባን እናስረዋለን። የዳቦ ቆሎው ቀጭ ቀጭ ማለት ከቸኮሌቱ ጋር እንዴት እንደሚጥም! የአውቶቡስ ሹፌሯ እስከ ማርች ድረስ «ያ ነገር የለም?» እያለች ትጠይቀን ነበር።

ተረት የሚነግሩንም ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ታፈሰ የቤቱን መብራት አጥፍተው ከምድጃው በላይ ያለችውን ቢጫ አምፖል ብቻ ይተዋሉ፤ የምድጃው ጥምዝምዝ ብረት ከድስቱ ሥር እንደ ፍም ይቀላል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ይሸፍነዋል። ጭስ አልነበረንም፤ ትንሽ ቢጨስ ጣሪያው ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ ሕንጻውን በሙሉ ይቀሰቅሳል። «ተረት ተረት» ይላሉ። እኔ «የላም በረት» እላለሁ፤ በረት አይታ የማታውቀው ሜሮን ወደ ፓርኪንጉ እያየች «የመኪና በረት!» ትላለች። እሳቸውም «እሱም በረት ነው» ብለው ይቀጥላሉ። የተረቱ ርዝመት ግን በቸኮሌቱ ነበር። ቸኮሌቱ ካልቀለጠ ጅቡ ሦስት ተራራ ይወጣል፤ ከቀለጠ ጅቡ ወንዝ ዳር ቢደርስም እዚያው ይቀራል። «ነገስ ይሻገራል?» ስንላቸው «ነገ ሌላ ጅብ ነው» ይሉናል።

ሜሮን በየተረቱ አንድ ጥያቄ ነበራት። «አባቱስ የት ነው?» ጦጣም ይሁን ጥንቸል፣ አባቱ የት እንዳለ ሳይነገራት አትቀመጥም። የራሷ አባት አዲስ አበባ ነበር፤ ሜሮን ጡት ሳትጥል ነው የተለያዩት፣ የአባቷ የቪዛ ወረቀት አላልቅ ብሎ። ጋሽ ታፈሰ መጀመሪያ ሰሞን «እኔ ምን አውቄ» ይሉ ነበር። ኋላ ግን እየቆዩ፣ ሳትጠይቃቸው በፊት፣ «አባትየው መንገድ ላይ ነው» የሚል ማስገባት ጀመሩ። ሜሮን ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ሲወርድ አይቻለሁ።

በዚያ ዓመት ታዲያ ቪዛው ተሳካና አባቷ ሊመጣ ሆነ፤ ከፈረንጆች ገና በፊት ባለው ቅዳሜ። ሜሮን ለአባቷ የምትሰጠው ስጦታ ከቸኮሌት ሌላ አልታያትም። በስልክ «ዳዲ፣ ቸኮሌት ትወዳለህ?» ብላ ጠይቃዋለች፤ «እወዳለሁ የኔ ልጅ፣ አሁን ግን ጾም ላይ ነን፣ ወተት ያለበት አይሆንም» ብሏታል። በዚህ የተነሳ ወተት እንደሌለበት ለማረጋገጥ የጥቁሩ ቸኮሌት ከረጢት ላይ የተጻፈውን ለጋሽ ታፈሰ ሁለት ጊዜ አንብባላቸዋለች።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ሰምቼ ነበር። እናቴ ወጥ እየሠራች ስልኳን በትከሻዋ ይዛ ለጓደኛዋ «አይመጣም እኮ! እዚያ ሌላ ትዳር አለው ነው የሚሉት። ስንቴ ነው ቀኑን ያዛወረው? ምስኪን ሰናይት፣ ጸጉሯን ተሠርታ ትጠብቃለች» ስትል። ሰናይት የሜሮን እናት ናት። ወሬ እንዲህ አንቆኝ አያውቅም፤ ለሜሮን ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ታፈሰ ወጥ ቤት ተሰበሰብን። ጣታችንን ስንልስ አይተው ስለ አንድ ጅብ ጀመሩልን፤ ሠርግ ተጠርቶ፣ በስጦታ የያዘውን ሙዳ ሥጋ በየመንገዱ «ልቅመሰው» እያለ ሲልስ፣ ሠርጉ ቤት አጥንት ይዞ የደረሰ። «ሥጋውስ?» ሲሉት «እንዳይከብዳችሁ ብዬ እኮ ነው» አለ እያሉን ሳለ፣ እትዬ ሰናይት እየተጣደፈች ገባች። አዲስ ቀሚስ፣ የተተኮሰ ጸጉር፣ ዓይኗ ግን የፈራ ሰው ዓይን።

«ኧረ ሰዓቱ ደረሰ! ይሄ ነገር ደግሞ ወፍሮባችኋል፣ እንዳያርባችሁ!» አለችና፣ ሽንኩርት ድስቱን ሲይዝባት እንደምታደርገው፣ ከቧንቧ በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሳህኑ ውስጥ ጠብ አደረገችበት።

ቸኮሌቱ ወዲያው ጓጎለ። ያ የሚያብረቀርቅ ነገር እንደ ጭቃ ሻከረ፣ ማንኪያውን ይዞ ቀጥ አለ።

«ማሚ! ኦ ማይ ጋድ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ውሃ እኮ ነው!»

«ተበላሸ! የዳዲ ነው፣ ተበላሸ!» ሜሮን መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሌላ ቸኮሌት አልነበረም፤ ሱቅ እንሂድ ብንል አውሮፕላኑ ያርፍብናል።

እትዬ ሰናይት ፍሪጁን ከፈተች። «ጋሼ፣ ወተትና ቅቤ ጣል ባደርግበት አይለሰልስም?»

«ኖ!» አለች ሜሮን ከመሬት። «ዳዲ ጾም ነው! ሚልክ አይበላም!»

እትዬ ሰናይት ወተቱን እንደያዘች ወንበር ላይ ተቀመጠች። «መጾሙን እንኳ ረሳሁት» አለች ቀስ ብላ። «ስንት ዓመት ጠብቄው… ጋሼ፣ ሰውዬውን አውቀዋለሁ እኔ?»

ጋሽ ታፈሰ አላጽናኗትም። «በውሃ ጀምረሻል፣ በውሃ እንጨርሰዋለን» አሉና ከድስቱ ከሚፈላው ውሃ በማንኪያ እየቀዱ እየጨመሩ ማማሰል ያዙ። መጀመሪያ ባሰበት። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ጅቡን ቀጠሉ፤ ሙሽራው አጥንቱን እንዴት ተቀበለ፣ አማቶቹ ምን አሉ እያሉ። ያኔ ያልገባኝ፣ ዛሬ የሚገባኝ፣ እጃቸው የቸኮሌቱን፣ አፋቸው የእኛን ድንጋጤ እያማሰለ እንደነበር ነው። ሌላ ማንኪያ፣ ሌላ ማንኪያ። ከዚያ ድንገት የጓጎለው ላላ፣ ዳር ዳሩ ተያያዘ፣ አምፖሏም ላዩ ላይ መታየት ጀመረች።

«እፎይ!» አለች እትዬ ሰናይት፣ ሰፈሩ እስኪሰማት።

ውሃ ስለገባበት በትሪ እንደ ድሮው አይደርቅም ነበር። ዳቦ ቆሎውን ቀላቅለን ፍሪዘር ከተትነው፤ ጠንከር ሲልልን በእጃችን እያድቦለቦልን ካካዎ ዱቄት ላይ አንከባለልነው። እትዬ ሰናይትም በአዲስ ቀሚሷ ገባችበት። አንዱ እንደ ለውዝ አንሶ፣ አንዱ እንደ ሎሚ ተልቆ፣ ሳጥን ሙሉ ሆነ።

አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ አውሮፕላኑ አርፏል። ሰው በጋሪ ሻንጣ እየገፋ ይወጣል፣ ይተቃቀፋል፣ ይሄዳል፤ የሜሮን አባት የለም። ሰው አለቀ። ሁለት ሌላ አውሮፕላን አርፎ የዚያም ሰው አለቀ። እትዬ ሰናይት ስልኳን ታያለች፣ መልሳ ቦርሳዋ ትከታለች። ጋሽ ታፈሰ «አዲስ ገቢ ከሁሉም ኋላ ነው የሚወጣው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ያዩበታል፤ በየቀኑ የማየው ነው» ቢሏትም ጆሮዋ አልሰማም። ሜሮን ሳጥኑን ታቅፋ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ «አይመጣም፣ አይደል?»

የእናቴ የስልክ ወሬ ትዝ አለኝ። «ይመጣል» አልኳት፣ ሳላውቅ።

በሩ ተከፈተ። ኮቱ የሰፋው ቀጭን ሰው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ትልቅ ፖስታ ይዞ፣ ዓይኑን እያርገበገበ ወጣ። እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁት። እትዬ ሰናይት እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። እሱ ሻንጣውን ጣለና ሜሮን ፊት ተንበረከከ፤ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ፣ እንዳያስፈራት መልሶ ሰበሰበው። ሜሮንም አላቀፈችውም። ሳጥኑን ከፍታ ፊቱ ላይ ደቀነችው።

«ምንድን ነው የኔ እናት?»

«ቸኮሌት። እኔ ሠራሁ።»

እጁ መንገድ ላይ ቆመ። ሳጥኑን ያያል፣ ልጁን ያያል፣ ቀና ብሎ ሚስቱን ያያል። የሰውየው ጭንቅ! ያልበላላት እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ስጦታዋን መግፋቱ ነው፤ የበላላትም እንደሆነ፣ ጾሙን መግደፉ ነው።

«የጾም ነው!» ብላ ጮኸች ሜሮን፣ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። «ወተት የለም! ቅቤ የለም! ማሚ ውሃ ጨመረ!»

ሰውየው መጀመሪያ አንዷን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ዳቦ ቆሎው ቀጭ አለ። ከዚያ ሳቅ ያዘው፣ እንባውም አብሮ መጣ። «አንቺ ሰናይት» አለ እያኘከ፣ «ንስሐ አባት ነው እንዴ ያሳደግሽልኝ?» ትልቋን አነሳና ሚስቱን አጎረሳት። እሷም ያን ጊዜ ነው ከቆመችበት የተንቀሳቀሰችው።

ስንመለስ ጋሽ ታፈሰ ይነዳሉ፣ ሜሮን አባቷ ትከሻ ላይ ተኝታ ካካዎ ያለበት እጇ ኮቱን አበላሽቶታል፤ እትዬ ሰናይት ልትጠርግለት ስትል «ተይው» አላት። በማግስቱ እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ምግብ ይዞ የሮጠው ማን መሰላችሁ? እናቴ! ከሁሉም ቀድማ።

አሁን ጎረቤት ከተማ ሜስኪት ነው የምኖረው፣ ልጆች አሉኝ፣ ዲሴምበር ሲመጣ እኛም እጃችን በቸኮሌት ይጠቁራል። ጋሽ ታፈሰ የነገሩን ጅቦች ግማሹ ከግማሹ ተቀላቅሎብኛል፣ ልጆቼ ሲጠይቁኝ የራሴን እፈጥራለሁ። የዚያ ሰው እጅ አየር ላይ መቆሙ ግን፣ የሜሮንም ጩኸት፣ አልተቀላቀለብኝም። መስኮቴም እንዳለ ነው፤ የሰፈሩን ሰው አያለሁ፣ አወራለሁ፣ አልዋሽም፣ ማን ተጣላ ማን ታረቀ ከእኔ አያልፍም። ሰው የሚጠብቀው ሰው ካለ ግን፣ ማንም ጎረቤት ምን ቢለኝ፣ «አይመጣም» የሚለው ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።