ለሬይ የቀዳሁት ብርጭቆ

ይህ ነገር የደረሰብኝ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ ኮሎምበስ ኦሃዮ በገባን በሦስተኛው ዓመት ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። አገር ቤት ዶፍ በሚወርድበት ሐምሌ፣ እዚህ አስፋልቱ ጫማ ላይ ይጣበቃል። ዛሬም ሙቀቱ መጥቶ ሰው ቀዝቃዛ ነገር በጠየቀ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ፊቴን ያቀላዋል።

ያን ጊዜ የምሠራው ለስላሳ መጠጥ በሚያከፋፍል ኩባንያ ውስጥ፣ በጭነት መኪና ረዳትነት ነበር። ሬይ የሚባል አሜሪካዊ ይነዳል፣ እኔ ሣጥን አወርዳለሁ። ሰው በሙቀት ምን መጠጣት እንደሚወድ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቤክስሊ ያሉት ሱቆች ሎሚ ሎሚ የሚል ነገር ይፈልጋሉ። ዋይትሆል የሚባለው ሰፈር ኮላ ነው፣ ያውም በጣሳ። ልጅ የበዛበት ሰፈር ደግሞ ምላስ የሚያቀልመውን የወይን ሶዳ ካላመጣን አይለቀንም። ቢራ የሚያመላልሱት ሾፌሮች መኪናችንን ‹‹የሕፃናት መኪና›› እያሉ ይቀልዱብናል። ሬይ ጂንጀር ኤል የሚባለውን የዝንጅብል ለስላሳውን ከፍቶ ይጠጣል።

ሬይ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ዝምተኛ ሰው ነው። ከኪሱ የማትለይ አንዲት የነሐስ ሳንቲም ነበረችው። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ያወጣና በጣቱ ያገላብጣታል። ምን እንደሆነች ብጠይቀው ‹‹ጓደኛዬ ናት›› አለኝ። ለካ ፈረንጅም ክታብ አለው ብዬ ተውኩት።

ይህ ሰው ነው ስድስት ሳምንት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከሥራ ሰዓቱ ውጪ ባዶ የመኪና ማቆሚያ እየወሰደ ትልቁን መኪና መንዳት ያስተማረኝ። አንድ ቀን አልጮኸብኝም። የቆሻሻ በርሜል ገጭቼ ስደነግጥ እንኳን ‹‹ቴስ፣ ጥፋቱ የበርሜሉ ነው›› ብሎ ሳቀ። ስሜ ተስፋዬ ነው፤ እሱ ግን ከ‹ቴስ› አልፎ አያውቅም።

ፈተናውን አለፍኩ። ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት ማለት ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነበር። ባለቤቴ ሙሉ ‹‹ጋሼ ሬይን ሳንጋብዝማ ምን ሰው ነን!›› ብላ ጠጅ ጣለች። ማሩን ከከተማ ወጣ ብለን ከገበሬ ገዛን፤ ጌሾውን ዋሽንግተን ያለች እህቷ በፖስታ ላከችልን። ጠጁ ሲደርስ አጣራችና ባዶ የወተት ጋሎን ውስጥ ሞልታ ቀይ ክዳን ከደነችበት። በግብዣው ቀን ጠዋት ደግሞ ለእትዬ ደስታ ብርዝ በጠበጠች። ብርዝ ያው ማርና ውሃ ነው፣ አያሰክርም። እሱን ሌላ የወተት ጋሎን ውስጥ አድርጋ ሰማያዊ ክዳን ከደነችው።

እትዬ ደስታ ከሱዳን ጀምሮ አብረውን ያሉ፣ እንደ እናት የምናያቸው ሴት ናቸው። መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ቢራ የያዘ ሰው አጠገባቸው ከተቀመጠ ነጠላቸውን ሰብስበው ወንበር ይቀይራሉ።

ረፋዱ ላይ ሙሉ ከጓዳ ሆና ‹‹ያ ጠጅ በሙቀቱ እንዳይፈነዳብን አስተንፍሰው›› አለችኝ። እኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ ከምጨነቅ ብዬ ሁለቱንም ጋሎኖች ከፈትኩ። ፉስ ሲል ሰማሁ። መልሼ ከደንኩና በረዶ ውስጥ ቀበርኳቸው። በሥራዬም ኮራሁ።

ግብዣው ቅዳሜ፣ ከአፓርትመንታችን ጀርባ፣ ሣሩ ላይ ነበር። ሁለት የአበሻ ቤተሰቦች መጡ። ሬይ ሚስቱ ዶና ሥራ ስለነበረባት ብቻውን፣ ትልቅ ሐብሐብ ታቅፎ መጣ። ልጆቹ እኔ ባመጣሁት ሶዳ ምላሳቸውን ያቀልማሉ።

እትዬ ደስታ ጠምቷቸው ስለነበር ቀድመው ‹‹ብርዜን አምጡልኝ›› አሉ። ሙሉ ከሰማያዊው ቀዳችላቸው። ‹‹ዛሬስ ኮምጠጥ ብሏል፣ ግን ጉሮሮ ያርሳል›› አሉና ደገሙ። ከዚያ ሠለሱ። ትንሽ ቆይተው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ተነሡና ትከሻቸውን ይነቀንቁት ጀመር። በስንት ዓመታችን ሲጨፍሩ አይተናቸው አናውቅም! ‹‹ልጄ ሾፌር ሆነ!›› እያሉ ሣሩን ዞሩት። ሬይ እያጨበጨበ በሳቅ ሞተ። እኔ ለእኔ የተደሰቱ መስሎኝ እንባዬ መጣ።

በዚህ መሐል ለሬይ ልቀዳ ተነሣሁ። ጠጅ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ወጉ እንደዚያ ነው። አባቴ ቢኖር ይቆጣኝ ነበር። እኔ ግን ቸኩያለሁ፤ ቀይ ክዳኑን ከፍቼ ብርጭቆውን ሞላሁና ሰጠሁት።

‹‹አመሰግናለሁ ቴስ፣ ጂንጀር ኤሌ ይበቃኛል›› አለ።

በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እንቢታ ጨዋነት ነው። ሁለተኛውም ጨዋነት ነው። እኔም ገፋሁበት። ሬይ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም እንቢ አለ። ይሄኔ ሙሉ መጣችና ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ‹‹አፈር ስሆን ጋሼ ሬይ! በሞቴ!›› አለችው።

‹‹ምንድን ነው የምትለው?›› አለኝ።

‹‹አፈር ልሁን ነው የምትለው።››

‹‹ለምን?››

‹‹እንድትጠጣ።››

የሬይ ፊት ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ፣ ሞኝነቴ፣ ጨመርኩበት፦ ‹‹የመጀመሪያው ብርጭቆ የክብር እንግዳው ነው። አንተ ካልጠጣህ ማንም አይጠጣም።›› እውነትም ሁሉም ብርጭቆአቸውን ይዘው፣ ቆመው እሱን ያያሉ። ሬይ ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ብርጭቆውን ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። እኛ እልል አልን።

ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ‹‹ይቅርታ፣ መሄድ አለብኝ›› አለና ሄደ። ምግብም አልቀመሰ፣ ሐብሐቡም አልተቆረጠ።

ሙቀቱ ነው ተባለ፣ ሚጥሚጣው ሸቶት ነው ተባለ። እንግዶቹ ከቀዩ ጋሎን ጠጡና ‹‹ግሩም ጠጅ ነው››፣ ‹‹ለስለስ ያለ ነው›› አሉ። የደገመ ግን የለም። ሙሉ ነፍሰ ጡር ስለነበረች አልቀመሰችም። እኔ በሙቀት የምወደው ቀዝቃዛ ቢራ ነው፤ እሱን ይዤ ተክዤ ዋልኩ። እሑድ እትዬ ደስታ እስከ እኩለ ቀን ተኙ። ጸሎታቸውን አስታጉለው የማያውቁ ሴት!

ሰኞ ሬይ ሥራ አልመጣም። በሁለት ዓመት ውስጥ ቀርቶ አያውቅም። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ዋይትሆል፣ ቤቱ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ዶና ናት። ድካም ከፊቷ ይነበባል።

‹‹ቴስ፣ ምንድን ነው ያጠጣኸው?›› አለችኝ።

‹‹የማር ወይን ነው፣ ቤት የተሠራ›› አልኳት፣ አሁንም ትንሽ በኩራት።

ያኔ ነገረችኝ። ሬይ ድሮ በመጠጥ የተነሣ ሥራውንም ቤቱንም ያጣ ሰው ነው። ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጠብታ አልቀመሰም። ያቺ ሳንቲም መጠጥ ያቆሙ ሰዎች ተሰብስበው የሰጡት የዘጠኝ ዓመት ምልክት ናት። ዛሬ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስብሰባ አለ። እዚያ ሰው ፊት ቆሞ ሳንቲሙን ሊመልስ፣ ቀኑን እንደገና ከአንድ መቁጠር ሊጀምር ነው።

ወደ ጓሮው ዞርኩ። ሬይ ጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጧል፤ ሳንቲሟ አጠገቡ ናት። ‹‹ይቅር በለኝ›› ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

‹‹ጥፋቱ ያንተ አይደለም፤ ወደ አፌ ያነሣሁት እኔ ነኝ›› አለኝ።

‹‹ለምን አልነገርከኝም?››

‹‹ሁላችሁም ቆማችሁ ነበር። ቀንህን ላበላሽብህ አልፈለግኩም።››

ይሉኝታ የእኛ አገር ሰው ብቻ ያለው ይመስለኝ ነበር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ቀን ያልጮኸብኝን ሰው፣ በሞቴ እያልን ጉድጓድ ከተትነው። መሪውን ይዤ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

ቤት ስገባ እትዬ ደስታ ሶፋው ላይ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል። በቀስታ እያጨበጨቡ ያንጎራጉራሉ። ጉንጫቸው ቀልቷል።

‹‹ምን እየጠጡ ነው?›› አልኳቸው።

‹‹የቅዳሜዋ ብርዝ ተርፋ አገኘኋታ! ና፣ አንተም ትንሽ ቅመስ፣ ልብ ታቀልላለች!››

ከዚያ ወደ ፍሪጁ ሮጥኩ። ሰማያዊ ክዳን ያለውን ጋሎን አንስቼ ተጎነጨሁ። ጉሮሮዬን አቃጠለው! የጠራ ጠጅ ነው። ቀዩን ተጎነጨሁ፤ ማርና ውሃ። ያን ቀን ረፋድ ጠጁን ሳስተነፍስ ነው! ክዳኖቹን አቀያይሬ ከድኛቸዋለሁ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ!

‹‹ሙሉ!›› ብዬ ጮህኩ። ሁለቱን ጋሎን አቅፌ፣ ምንም ሳላስረዳ፣ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

ሬይ ቤት ስደርስ እሱ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መኪናው ውስጥ ሊገባ ነው። ዶናም አብራው ቆማለች። እያለከለኩ ነገርኩት። ሰማኝና ትከሻዬን ያዘ።

‹‹ጥሩ ሰው ነህ፤ ግን ለእኔ ብለህ አትዋሽ።››

‹‹ቅመሰው!›› ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሱ መቅመስ አይችልማ! ዶና ቀዩን ተቀበለችኝና ቀመሰች። ‹‹ሬይ፣ ማርና ውሃ ነው›› አለችው። ሰማያዊውን አሸተተችና ፊቷን አዞረች።

‹‹ይኼን አሁን በጥብጦት ሊሆን ይችላል›› አላት። አላመነኝም፤ እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ሰዓቱን አየ፣ የመኪናውን በር ከፈተ።

‹‹ሬይ፣ ቅዳሜ ሣሩ ላይ የጨፈሩትን ሴትዮ ታስታውሳለህ?›› አልኩት።

‹‹አዎ።››

‹‹በሕይወታቸው መጠጥ ቀምሰው አያውቁም። ያንተን ጠጅ የጠጡት እሳቸው ናቸው። አንተ የጠጣኸው የእሳቸውን ውሃ ነው። አሁንም ብርዝ መስሏቸው ቤት ተቀምጠው እየዘፈኑ ነው!››

ሬይ በሩን እንደያዘ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። በሳቅ ፈነዳ። መቆም አቅቶት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ‹‹ያቺ… ያቺ የቤተ ክርስቲያን ሴትዮ!›› እያለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዶናም አጠገቡ ተቀምጣ አንገቱን አቀፈችው። ሳቁ ሲበርድለት ሳንቲሟን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ ሱሪው ኪስ፣ ድሮ ቦታዋ፣ መለሳት።

‹‹ለሴትዮዋ ግን እንዳትነግራት›› አለኝ። ማልኩለት።

ዶና ሰማያዊውን ጋሎን ወስዳ የተረፈውን ሁሉ ሣሩ ላይ ደፋችው። የሙሉን ልፋት ሳስብ አንጀቴ እርር አለ፤ ግን ምን አፍ አለኝ?

በኋላ ለእንግዶቻችን ብንነግራቸው ‹‹እኛማ ከመጀመሪያው ብርዝ መሆኑን አውቀናል፤ ማር አንሷችሁ ነው ብለን እንዳናሳፍራችሁ ብለን ነው›› አሉን። ‹‹ግሩም ጠጅ ነው›› ያለው ሰውዬ እንኳን!

በዓመቱ ሬይ የአሥር ዓመቱን ሳንቲም ሲቀበል እኔንና ሙሉን ጠራን። ሙሉ ብርዝ ይዛ ሄደች። ማንም ሳይነካው መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩ፤ ደገምኩ፤ ሬይ አንገቱን ነቀነቀልኝ። እትዬ ደስታ ግን ከተረፈው ቀምሰው ‹‹ሙሉዬ፣ እጅሽን ምን ነካው? እንደዚያ ዓመቱ አይሆንም›› አሏት። እስካረፉበት ቀን ድረስ የዚያን ዓመት ብርዝ ሲያነሡ ኖሩ። እኛም ቃላችንን ጠብቀን ዝም አልን።

ይህን ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። ያን ቀን ወጉን ጠብቄ ብቀምስ ኖሮ ብርዝ መሆኑን አውቅ ነበር። ‹‹ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው›› ብዬ ሮጬ ትክክለኛውን ጠጅ አመጣለት ነበር። እሱም ይጠጣልኝ ነበር። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይኼ ነው፤ ሬይን ያተረፈው የእኔ ዝርክርክነት ነው። በዝርክርክነት ግን ሁልጊዜ መትረፍ የለም።

አሁን ቤቴ እንግዳ መጥቶ ‹‹አልጠጣም›› ሲለኝ ‹‹ውሃ ላምጣ?›› ብቻ ነው የምለው። ሙሉ ትበሳጫለች። ‹‹አንተ እኮ ፈረንጅ ሆነሃል፤ ሰው አትለምንም›› ትለኛለች።

ትበለኝ።