ጭቃ የሌለበት ውሃ

ውሃ በብርጭቆ ሲሰጠኝ ከመጠጣቴ በፊት ወደ ብርሃን አነሳዋለሁ። ልጆቼ «ደግሞ ምን ፍለጋ ነው?» እያሉ ይስቁብኛል። ነግሬያቸው አላውቅም።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበርሁ። ብቸኛዋ ሴት እኔ ነኝ። ወንዶቹ «እስቲ ሻይ ጣጂልን» ሲሉኝ ካቻቢቴ ይዤ አባርራቸው ነበር። ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ ሥራዬን ግን አውቃለሁ፤ ማወቄንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ።

በነሐሴ አንድ የጭነት መኪና ከቆላ ድባ እህል ጭኖ፣ የፎገራን ጎርፍ አቋርጦ፣ ጎማው እስከ ግማሹ ጭቃ ለብሶ ማታ ገባ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉትን ወጣቶች ጭኖ መውጣት ነበረበት። ጠዋት ሲያስነሱት ግን ሞተሩ ይንዘፈዘፋል፣ ይቆራርጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል። የምልመላው ኃላፊ ሰዓቱን እያየ ከአጠገቤ አልንቀሳቀስ አለ።

ሾፌሩ ጠጉራቸው የሸበተ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ የወንዝ ውሃ ገብቶበት ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ቢመታው ይደርቃል» አሉኝ።

«አባባ፣ ሞተር እኮ እንደ በርበሬ አይሰጣም» አልኋቸው። ሰዎቹ ሳቁ።

የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ፤ በአሮጌ አቧራ ተደፍኗል። አጥቤ ብመልሰውም ለውጥ የለም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ፣ ናፍጣ ወደ ፒስተኖቹ የሚወስዱትን ቧንቧዎች በየተራ አላላሁ። የጤነኛው ሲላላ ድምፁ ይወድቃል፤ የማይሠራው ሲላላ ምንም አይለወጥም። ከስድስቱ ሁለቱ አይሠሩም። እንግዲህ ችግሩ ያለው ናፍጣው ውስጥ ነው።

«ነገርሁሽ እኮ ልጄ፣ የወንዝ ውሃ ነው። ተይው፣ ይረፍ» አሉ ሾፌሩ እንደገና። ሴት ስለሆንሁ ሥራዬን ሊያስተምሩኝ የፈለጉ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

ከፊልትሮው ሥር ያለችውን የመስታወት ኩባያ ፈትቼ ወደ ብርሃን አነሳኋት። ከላይ ናፍጣ፣ ከሥር ውሃ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ጣቶቼ በውስጡ ይታያሉ። የታንኩም ክዳን ጭቃው ከደረሰበት አንድ ክንድ ከፍ ይላል።

«ይኼ የወንዝ ውሃ አይደለም!» ብዬ ጮህሁ፣ ኩባያዋን ለሁሉም እያሳየሁ። «የወንዝ ቢሆን ጭቃ ነበረው። ይኼ ሰው የጨመረው ነው!»

ሾፌሩን አየኋቸው። ያን ፊት ባየሁ ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ።

ኃላፊው ተጠጋኝ። «ማን ጨመረው?»

«ምናልባት... ክዳኑ ላልቶ፣ ዝናብ ይሆናል...»

«አሁን ሰው ነው አላልሽም? ማንን ነው የምትደብቂ?»

ሾፌሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሷን ይተዋት። ማታ ከቧንቧ ቀድቼ የጨመርሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ከናፍጣው ቧንቧ አየሩን ሳታስወጪ እንዳታስነሺው፤ ፖምፓው ይጎዳል» አሉኝ። ሁለት ታጣቂዎች ይዘዋቸው ወጡ።

መኪናውን ሠራሁት። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ፈራሁ። ታንኩን አጠብሁ፣ ፊልትሮውን ቀየርሁ፣ እንዳሉኝም አየሩን አስወጣሁ። ሞተሩ አንዴም ሳያቋርጥ ተነሳ። እንደዚያ ያማረ ድምፅ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም፤ እስከ ዛሬም ሳልፈልገው ይሰማኛል።

ከሰዓት በኋላ ሌላ ሾፌር ወጣቶቹን ጭኖ ናፍጣ ሊሞላ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። ከላይ አንድ ጎረምሳ በሰው መካከል ተንጠራርቶ ግቢውን በዓይኑ ያስሳል። ቅንድቡን፣ አገጩን አየሁ፤ ቁርጥ የጠዋቱን ሾፌር ይመስላል።

«እታለም፣ አባቴን አላየሻቸውም? ይኼን መኪና የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ አትሄድም ብለውኝ ነበር።»

እውነቱን መናገር ጠዋት ነበር የቀለለኝ።

«አሁን ይመጣሉ» አልሁት።

አመነኝ። መኪናው ሲሄድ ሌሎቹ ወደ ፊት ዞሩ፤ እሱ ግን መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ የጋራዡን በር እያየ ሄደ።