በጠበል የተዋጠ ክኒን

እናቴ ዕድሜዋን የፈጀችው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ክር መፍተያው ክፍል ነው። ጡረታ ስትወጣ ሳሏን ይዛ ወጣች። እኛም የጥጥ ብናኝ ነው እያልን ከሳሉ ጋር ተላምደን ኖርን። ክረምቱ አልፎ እንኳ አልለቅ ሲላት፣ ልብሷም እየሰፋት ሲሄድ፣ እጇን ይዤ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት።

የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። እሑድ እሑድ ደግሞ ነጠላዬን አጣፍቼ ሰንበት ትምህርት ቤት እዘምራለሁ። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የሞላበት ኮዬ ፈጬ ያኔ ገና የጤፍ ማሳ ነበር፤ በአካባቢያችን ያለው ጤና ጣቢያም ያው የእኛው ብቻ ስለነበር የእናቴን አክታ የመረመርኩት እኔው ራሴ ነኝ። በማይክሮስኮፑ ሳይ፣ ቀለም በተቀባው ናሙና ሰማያዊ መደብ ላይ ቀያይ ቀጫጭን ባክቴሪያዎች ተበትነዋል። የሌላ ሰው ቢሆን ውጤቱን ጽፌ ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ያን ቀን ግን «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ደጋግሜ አየሁት።

«ቲቢ ነው እማዬ» አልኳት።

«ይድናል?»

«መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ይድናል።»

ጀመረች። የዚያን ጊዜው ደንብ በሽተኛው በየጠዋቱ ጤና ጣቢያ መጥቶ ነርሷ ፊት እንዲውጥ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ ሳሏ ቀነሰ፣ ምግብም መብላት ጀመረች። እኔም እፎይ ብዬ ሥራዬን ስሠራ አንድ ቀን ነርሷ በሩን ገፋ አድርጋ፣ «እናትሽ ምነው ሰሞኑን ጠፉ? አሟቸው ነው?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። እናቴ በየጠዋቱ ከእኔ ቀድማ ነጭ ለብሳ ከቤት ትወጣለች። በዚያ ሰዓት ነጭ ለብሶ የሚኬድበትን ቦታ አውቀዋለሁና ጋወኔን አውልቄ ከወንዙ በላይ ወዳለው ጠበል ሄድኩ።

ሰዉ ተሰልፏል። አጥማቂው ድንጋይ ላይ ቆመው፣ «በአንድ እግር ጠበል፣ በአንድ እግር ፋርማሲ መቆም የለም! ያመነ መድኃኒቱን ይጣል!» ይላሉ። እናቴ ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«አባ ናቸው ያሉት» አለችኝ ገና ሳልጠይቃት። «ክኒኑን ስውጥ እግዜርን የተጠራጠርኩት ይመስለኛል።»

«እማዬ፣ ያ ጀርም በሳንባሽ ውስጥ እንዳለ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚገድለውንም አውቃለሁ። ይህን ያሳወቀኝ ደግሞ ሰይጣን አይደለም።»

ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ወደ ጤና ጣቢያ ተመልሼ ለጤና መኮንኑ ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ ተቆጣ። «ጠበሉን አስቁሚያት! አንቺ ራስሽ የተማርሽ ሰው ሆነሽ እንዴት ዝም ትያለሽ?»

«አላስቆማትም።»

«እንግዲያው ትሞታለቻ!»

«ጠበሉን ከከለከልኳት ክኒኑንም አትውጥም፤ እናቴን አውቃታለሁ። ደግሞ ጠበል እኔም እጠጣለሁ። እስከ ዛሬ በማይክሮስኮፕ ያነበብኩልህን ስላይድ ሁሉ ልትጥለው ነው?»

አጉረምርሞ መድኃኒቱን በኃላፊነቴ እየወሰድኩ እንዳስውጣት ፈቀደልኝ። ሰው ሲያየኝ ወይ ነጠላዬን ወይ ጋወኔን እንድጥል ይፈልጋል። ሰንበት ትምህርት ቤት «ሳይንስሽ እምነትሽን እንዳይበላው» ይሉኛል፤ መሥሪያ ቤት ስጾም ይስቁብኛል። ሁለቱም የእኔ ናቸው፤ አንዳቸውንም አልጥልም።

በማግስቱ እናቴን ይዤ ሄድኩ። በሽታው ለሌላው እንዳይተርፍ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ከሰልፉ ራቅ ብላ ቆመች። ተራዋ ደርሶ ጠበሉን በጣሳ ሲሰጧት ክኒኖቹን ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁላት። አጥማቂው አዩኝ።

«ልጄ፣ ምንድን ነው የያዝሽው?»

«መድኃኒት ነው አባ።»

«እዚህ አይዋጥም!»

«ለምን አባ? ጠበሉም በባዶ ሆድ ነው፣ ክኒኑም በባዶ ሆድ ነው። እኔ ሲጣሉ አላየሁም።»

ከኋላ አንዲት ሴት «ኧረ ድፍረት!» አለች። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። አጥማቂው በመስቀላቸው ወደ ግቢው በር አመልክተው፣ «ውጪ!» አሉኝ።

«አልወጣም» አልኳቸው። «ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ እናቴም ልጁ ናት።»

ምን ሊሉኝ እንደነበር አላውቅም። እናቴ በመሀል እጇን ዘረጋች። ክኒኖቹን ተቀብላ አማተበችባቸውና በጠበሉ አወራርዳ ዋጠቻቸው። ከዚያም አጥማቂውን፣ «ያጥምቁኝ እንግዲህ አባቴ» አለቻቸው። ተቆጥተው አጠመቋት። በየጠዋቱ እንዲሁ ቀጠልን። አንዳንድ ቀን ዘለዋት ሌላ ሰው ይጠራሉ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

መድኃኒቱን ስትጨርስ የመጨረሻውን አክታ ያየሁት እኔ ነኝ። መደቡ ሰማያዊ ብቻ ነበር፤ አንድም ቀይ አልነበረበትም።

መዳኗን ሰፈሩ ሰማ። ያኔ ደግሞ ሁሉም «ያዳንኳት እኔ ነኝ» ባይ ሆነ። አጥማቂው በእሑዱ ጉባኤ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠሯት። እናቴ ማይክሮፎኑን ይዛ፣ «ጠበሉ አዳነኝ» ስትል እልልታው ቀለጠ። እልልታው እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «ክኒኑንም ውጫለሁ፤ በዚሁ በጠበሉ ነው የዋጥኩት። እናንተም አትጣሉት» አለች። ማይክሮፎኑን ከእጇ ወሰዱባት።

በዚያው ሳምንት ጤና መኮንኑ በሽተኞችን ሰብስቦ፣ «እማማ፣ እስኪ ምን እንዳዳነዎት ይንገሩልን» አላት።

«ክኒኑ ነዋ! አንድም ቀን እንዳታቋርጡ። እኔ በጠበል እያወራረድኩ ነው የጨረስኩት።»

«እሺ፣ እናመሰግናለን እማማ» ብሎ ሊያስቀምጣት ፈለገ።

«ቆይ ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም» አለችው። ቆማ ስለ ጠበሉም ተናግራ ጨረሰች። ስብሰባው ሲበተን፣ ጠበል መጠጣቷ እንዳይታወቅባት እስከዚያን ቀን ከነርሷ ስትደበቅ የኖረች አንዲት ወጣት እናቴን ወደ ጥግ ወስዳ ስታወራት አየሁ።

በሚቀጥለው እሑድ እናቴ ጉባኤው ላይ ከፊት አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። ያቺ ወጣት አጠገቧ ነበረች። አጥማቂው ምስክር ሲጠሩ እናቴ እጇን አወጣች።

«እናታችን፣ የእርስዎን ሰምተናል» አሏት።

«ሙሉውን አልሰሙም አባቴ» አለች፤ እጇንም አላወረደችም።