ለምሳዬ የታረደው ዶሮ

የአውሮፓ ፊልም ነበር። የስደተኛ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ክርስቲያን ፍቅረኛዋ ቤት ምሳ ተጋብዛ ሥጋ ስትጎርስ፣ አብሮኝ የሚያየው አባቴ “ማን ያረደውን ነው የምትበላው?” ብሎ ቴሌቪዥኑ ላይ ጮኸ።

“ፊልም እኮ ነው!” አልኩ ተናድጄ። እኔም ትንሽ ቆይቼ፣ ጦር ኃይሎች ሰፈር ሄጄ ልብስ ልገዛ ነው ብዬ የምወጣው ለዚያው ዓይነት ምሳ ነበር፤ እዚሁ ኮልፌ፣ የምወደው ክርስቲያን ልጅ ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቀኝ።

“የእኛ ሰፈር ሰው ይሻላል” አለ አባቴ። “ጠዋት ከመስጊድ ስወጣ አንዲት ክርስቲያን እናት ዶሮ ይዘው ቆመዋል። የልጃቸው ፍቅረኛ ሙስሊም ስለሆነች የሚያርድላቸው ሙስሊም ፈልገው ነው። አረድኩላቸው።”

ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

“የማን ልጅ እንደሆነች ግን እሳቸውም አያውቁም። አንቺ ታውቂያለሽ?”