በሩ ላይ የቀረው ስልክ ቁጥር

ሙሚና ጋምቤላ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላት። ባሏ አብዱልከሪም በሕይወት ሳለ አይሱዙ ይነዳ ነበር። የጭነት መኪና በር ላይ የባለንብረቱ ስምና ስልክ መጻፍ አለበት ሲባል፣ ከስሙ ሥር የእሷን ቁጥር አስጻፈ። "እኔ መንገድ ላይ ኔትወርክ የለኝም" ብሎ። አምና ወባ ገደለው፤ መኪናውን ለጎረቤቷ ለሱሌማን ሸጠችለት።

ሱሌማን ግን ጽሑፉን አላስቀየረም። ስንቴ ለመነችው! "እህቴ፣ ከበዓሉ በኋላ አስቀባዋለሁ ኢንሻአላህ" ይላታል። የትኛው በዓል እንደሆነ እሱ ይወቅ። ሱሌማን እየነዳ አጥር በገጨ፣ መንገድ በዘጋ ቁጥር የሚሰደበው የሞተው ባሏ ነው። ስድቡን የምትሰማው ደግሞ እሷ።

ዛሬ ከሰዓት ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ሰው ነው።

"የአብዱልከሪም ቤተሰብ ናችሁ? መኪናው ወደ ጋምቤላ ሲወርድ ቡሬ ቁልቁለት ላይ ተገልብጧል። ሾፌሩ አልተረፈም። ስልኩ ስለተሰባበረ በሩ ላይ ባገኘነው ቁጥር ነው የደወልነው። አስከሬኑን ማን ይረከባል?"

"መልሼ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው። ቀና ስትል የሱሌማን ሚስት ነጅሚያ ወደ ሱቁ እየገባች ነው።

"ግማሽ ኪሎ ስኳር ስጪኝ እስቲ። ሱሌማን ማታ ይገባል፤ ሻዩ ካልጣፈጠ ያኮርፋል።"

ሙሚና ሚዛኑ ላይ ስኳር ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

"ኧረ አንሺው!" አለች ነጅሚያ እየሳቀች። "ደግሞ የኔ ሰውዬ ምን ገጭቶ ይሆን?"