ሽማግሌ የላከው ጎረቤቴ

ይህ የሆነው ከጥቂት ክረምት በፊት፣ በምኖርበት በለቡ መብራት ኃይል ነው። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት መመሪያና ደንብ በማርቀቅ አሳልፌ በጡረታ ተሰናብቻለሁ። በሥራ ዘመኔ የጻፍኩት አሻሚ ነው ተብሎ የተመለሰብኝ ጊዜ ጥቂት ነው። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ለቃል የምጠነቀቅ ሰው መሆኔን አንባቢ እንዲያውቅልኝ ነው። ጉዳዩ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሰው ለማዳን የገባ ጎረቤቴ ባዳነበት እጁ ሲከሰስ ስላየሁ፣ በጥንቃቄ የተናገርኩት እውነተኛ ቃልም ስለ ጎዳው ነው።

ጎረቤቴ ሙራድ ይባላል። ከግቢዬ ቀጥሎ በተከራየው ቤት በርና መስኮት የሚበይድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ቀልድ የማያጣው ጎልማሳ ነው። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር «ጋሼ፣ ዛሬስ ምን መመሪያ አወጡ?» ይለኝ ነበር። እኔም «ብረትህን ከመንገድ ላይ አንሣ የሚል» እለዋለሁ። ይስቃል፤ ብረቱን ግን አያነሣም።

ከሰፈራችን በላይ ባለው ዳገት ላይ ሕንፃ ይሠራ ነበር። አፈሩን እንዲይዝ ከተገነባው የድንጋይ ግንብ ሥር ተደርድረው የተሠሩ የኪራይ ሰርቪስ ቤቶች ነበሩ። በአንደኛው አስቴር የምትባል፣ ከደቡብ የመጣች፣ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ በልብስ ስፌት የምትተዳደር ወጣት ትኖር ነበር። እሑድ ጠዋት ወደ ቸርች ስትሄድ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ሳያባራ የዘነበው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ባሰበት። ግንቡ ሲወድቅ ድምፁን የሰማሁት እንደ ነጎድጓድ ነው። ስወጣ ከሰርቪስ ቤቶቹ አንዱ ተደርምሷል። ጎርፉም ግንቡ በተወው ክፍተት እየወረደ ወደ ፍርስራሹ ይገባል። አስቴር ከውስጥ ትጣራለች። ጣሪያውን የተሸከመው የኮንክሪት ቢም ወርዶ እግሯን ይዟት ነበር።

ለድንገተኛ አደጋ የደወልኩት እኔ ነኝ። ያነሡት ሰዎች በትሕትና አነጋገሩኝ፤ መኪናው መነሣቱን፣ ነገር ግን መንገዱ በውሃ መዘጋቱን ነገሩኝ። ሙራድ ከባድ ዕቃ የሚያነሣበትን ክሪክ በትከሻው ይዞ ደረሰ።

«ጋሼ፣ ይመጣሉ?»

«መንገድ ላይ ናቸው።»

«ውሃው ግን ደርሷል» አለና ገባ።

ከደጅ የቆመው ሰው ብዙ ነበር። ከፊሉ ይጸልያል፤ ከፊሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻል። የሚያስደነግጥ ጩኸት ሰማን። ሙራድ አስቴርን አቅፎ ሲወጣ ውሃው እሱን ደረቱ ጋ ደርሶ ነበር። በመጀመሪያ ባገኘነው ተሽከርካሪ ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ነፍሷ ተረፈች። ቀኝ እግሯ ግን ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር የጀመረው ከሙራድ ሐዘን ነው። አንድ ቀን ማለዳ ቤቴ መጥቶ ቆሞ ቀረ። ተቀመጥ ብለውም እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ለማን? ምን አድርገህ?»

«ለአስቴር ወንድም። ቢሙን ሳነሣው አንድ ጊዜ አዳልጦ ተመልሶባታል። የጮኸችው ያኔ ነው። እግሯ በእኔ እጅ ነው የቀረው። እንዴት ዝም ብዬ እበይዳለሁ?»

«አንተ ባትገባ ኖሮ አስቴር የምታጣው እግሯን ብቻ አልነበረም» አልኩት። ሽማግሌ መላክ ጥፋትን እንደ ማመን ሊቆጠር እንደሚችል፣ መጠየቅ ከፈለገ ብርቱካን ይዞ መሄድ እንደሚበቃ አስረዳሁት።

«ይዤ ሄጄ ነበር። ወንድሟ በሩን ዘጋብኝ። ብቻዬን ስሄድ እንደ ደፋር ታየሁ። በሽማግሌ ላይ ግን በር አይዘጋም።»

«እኔ የምልህ ስለ ሕግ ነው።»

«የእናንተ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ካልተጻፈ አያዝንም ማለት ነው?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቶ ስለ ነበር ቀልድ መሆኑን መለየት አልቻልኩም።

ሽማግሌ ሁንልኝ ተብሎ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። በዕድሜ ከእኔ የሚበልጡትን የሰፈራችንን ሐጂ ከድርን ይዤ ሄድኩ። የአስቴር ወንድም ማርቆስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። አስቴር ከሆስፒታል ወጥታ በእሱ ቤት ታገግም ነበር። እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆምን። ተቀመጡ እስኪለን ብዙ ቆየ። ከተቀመጥን በኋላ ሐጂ ከድር ንግግሩን ከፈቱ።

«ልጃችን አዝኗል። ያሰበው መልካም ነበር፤ የሆነው ግን ሆነ። ይቅር በለኝ ብሎ ልኮናል።»

ማርቆስ ወለሉን እያየ አዳመጠ። «እኔ ሹፌር ነኝ ሐጂ» አለ በመጨረሻ። «ሽማግሌ ማን እንደሚልክ አውቃለሁ። ገጭቶ የላከ ስንቱን አይቻለሁ። ሳይገጭ የላከ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።»

እኔም ጉዳዩ የመኪና አደጋ እንዳልሆነ፣ ሙራድ የላከን ስለ ተሰማው እንጂ ስላጠፋ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። ማርቆስ «ታዲያ ካላጠፋ ምን አስላከው?» አለኝ። ከውስጠኛው ክፍል አስቴር «ተው ማርቆስ» ስትል ተሰማ። እሱ ግን አልተወም። ሆስፒታል ሳሉ አንድ ሰው «በባለሙያ ብትወጣ ኖሮ እግሯ ይተርፍ ይሆናል» ብሎት ኖሯል። ያን ቃል ይዞ ሲብሰለሰል፣ እኛ የጎደለውን ሞላንለት። ጥርጣሬው ከእኛ ጉብኝት በኋላ እርግጠኝነት ሆነ።

የማርቆስ አቤቱታ ለፖሊስ ደረሰ። ሙራድ በቸልተኝነት አካል በማጉደል ተከሰሰ። ክሪኩ ኤግዚቢት ሆኖ ተያዘ። ግንቡን ያሠራው ሰው ነገር በሌላ መዝገብ ይታያል ተባለ፤ እስካሁንም ይታያል።

ለምስክርነት ስጠራ ደስ ብሎኝ ነበር ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። እውነቱን በሥርዓቱ የሚናገር ሰው ተገኘ ብዬ ነው። የደወልኩበትን ሁኔታ፣ የውሃውን ከፍታ፣ የሙራድን አገባብ አንድ በአንድ ተናገርኩ። ቀጥሎ ዐቃቤ ሕጉ ጠየቀኝ።

«ሽማግሌ ሆነው ወደ ተጎጂዋ ቤተሰብ ሄደው ነበር?»

«ሄጃለሁ።»

«የላከዎት ማን ነው?»

«ተከሳሹ።»

«እንደ አገራችን ባህል ሽማግሌ የሚልከው ያጠፋ ነው ወይስ ያላጠፋ?»

አሰብኩ። ምንጊዜም ያጠፋ ነው ማለት ሐሰት ነው። ያላጠፋም ይልካል ብዬ ብቻ ባልፍ ደግሞ ሙሉ እውነት አይሆንም። «አብዛኛውን ጊዜ ያጠፋ» አልኩ። ቃሉን የመረጥኩት በጥንቃቄ ነበር። «አብዛኛውን ጊዜ» የሚለው ለሙራድ በር የሚከፍት መስሎኝ ነበር። ማብራሪያ ልጨምር ስል ዳኛው የተጠየቅሁትን ብቻ እንድመልስ በትሕትና አሳሰቡኝ። ዞር ስል ሙራድ ያየኝ ነበር። አልተቆጣም። ከዚያ አስተያየቱ ይልቅ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ሕጉ ከሥራዬ የተነሣ ጥቂት አውቃለሁ። ሕጋችን በአደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ያልረዳን ይቀጣል። ለመርዳት ገብቶ እጁ የሳተበትን ደግሞ ያለ መከላከያ አልተወውም፤ በጭንቅ ጊዜ የተደረገ ነገር በምን ዓይን እንደሚታይ የተጻፈ አለ። ነገር ግን ሰውዬው ያን ጥበቃ የሚያገኘው ተከሶ፣ ሥራውን ዘግቶ፣ ተመላልሶ ተከራክሮ ነው። በሥራ ዘመኔ ብዙ የአደጋ ጊዜ መመሪያ በእጄ አልፏል። ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ በዝርዝር ተጽፏል። ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚደርሰው ጎረቤት የሚናገር አንቀጽ ግን አላስታውስም።

ሙራድን ያተረፈችው አስቴር ናት። በምርኩዝ ገብታ፣ ቁጭ ብለሽ ተናገሪ ብትባልም ቆማ መናገርን መረጠች።

«ውሃው አገጬ ጋ ደርሶ ነበር» አለች። «ውጭ ሰው እንዳለ ይሰማኛል። የገባው ግን እሱ ብቻ ነው። ቢሙ ሲመለስብኝ ከእኔ ይልቅ የጮኸው እሱ ነው። ተወኝና ሂድ ብለው፣ ወይ አብረን እንወጣለን ወይ አብረን እንቀራለን አለኝ። እኔ የምከሰው ሰው እዚህ የለም።»

ማርቆስ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሙራድን በነፃ አሰናበተው።

በደጅ ማርቆስ ወደ ሙራድ ቀርቦ እጁን ዘረጋ። «እህቴ እግር አጣች። የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አንተ ደግሞ ራስህ ሽማግሌ ላክህ» አለው። ሙራድ እጁን ጨበጠውና መንገዱን ቀጠለ። ማርቆስን ክፉ ሰው አልለውም። በእሱ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የተወሰደው ክሪክ ተመለሰ፤ ብየዳ ቤቱም ዘግይቶ ተከፈተ። የታዘዘ በር ሳይደርስ የቀረባቸው ደንበኞች ግን ወደ ሌላ በያጅ ሄደው ነበር። በደጁ ሳልፍ ሙራድ በአክብሮት ይነሣልኛል፤ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ይለኛል፤ ይቀመጣል። በዚያው ያበቃል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ወረዳችን ለአደጋ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ የሚሆኑ ነዋሪዎችን ሰበሰበ። ሙራድም ተጠርቶ ነበርና አብረን ሄድን። ስብሰባውን የመራችው ወጣት ሠራተኛ ንግግሯ የተስተካከለ ነበር። እንደ ሙራድ ያሉ ባለሙያዎች እንደሚያስፈልጉ ተናግራ አንጸባራቂ ሰደርያ አደለች። ሙራድ እጁን አነሣ።

«እህቴ፣ ይህን ለብሼ ሰው ላወጣ ገብቼ እጄ ቢስት፣ ከጎኔ የሚቆመው ማን ነው?»

ሠራተኛዋ ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ጥሩ ጥያቄ ነው። ለበላይ አካል አቀርበዋለሁ» አለች።

መልሱን አውቀዋለሁ። እኔም ለስንት ሰው ሰጥቼዋለሁ። አልዋሸችም፤ ታቀርበው ይሆናል። ሙራድ ግን ሰደርያውን አጥፎ፣ እጥፋቱን በመዳፉ አስተካክሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«አልገባም ማለትህ ነው?» አልኩት በዝግታ።

«እንደሱ አላልኩም ጋሼ። ሰው ሲጮህ እግሬ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ድሮ ግን አውቅ ነበር።»

ተነሥቶ ወጣ። እኔ የተሰጠኝን ሰደርያ ይዤ ተመለስኩ፤ ከበሬ ጀርባ ተሰቅሏል። ጉልበቴ ደረጃ ለመውጣት እንኳ ይለግማል፤ ቢም አላነሣም፤ ክሪክ አጠቃቀምም አላውቅም። ሰፈራችን አንድ በጎ ፈቃደኛ አለው ቢባል ያ ሰው እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ያለው ግንብ በአዲስ መልክ ተሠርቷል፤ ከሥሩም ሰርቪስ ቤቶቹ እንደገና ተከራይተዋል። ዝናቡ ሲጠና መስኮቴ አጠገብ ቆሜ የምሰጋው ስለ ግንቡ ብቻ አይደለም። ከግንቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከአጥሬ ማዶ ያለው ሙራድ ጩኸት ቢሰማ ይነሣ ይሆን ወይስ አይነሣ የሚለው ነው። ባይነሣ ልወቅሰው የምችልበት ቃል የለኝም።